ዝግጁ አይደለንም

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ የኮምፒውተር ሽቦ ስትቀጥል ለምትውለው ለሽቦ፤

ይቺ ወረቀት ስትደርስሽ አንቺ ጤናሽ እንደ ልብሽ፣ እናትሽም ጉልበቷ እሺ ብሏት እንድታገኛችሁ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ትንሽ ይለግማል እንጂ። ስልክ ላይ ሁለታችንም ስለምንጮህ በወረቀት መጻፍ መርጫለሁ። ወረቀት ላይ ቢያንስ አታቋርጪኝም።

ጉዳዬ አጭር ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊታደስ ነው፤ እዚህ ያሉት ደግሞ ከአገርህ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት አስወጥተህ እስከ የካቲት መጨረሻ አምጣ አሉኝ። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ መወለዴን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፤ አሁን ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለ። ወረቀቱን የሚያወጣው ያንቺ መሥሪያ ቤት ነው። በፖስታ ማመልከት ቀርቷል፣ ሰው መወከልም ቀርቷል፣ ባለቤቱ ራሱ በድረ ገጽ ይግባ አላችሁ። እሺ አልኩ። ሱቄን ዘግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ስልኬን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፌ ከፈትኩት። የፊት ገጹ ያምራል። ሕንፃችሁ አለ፣ ኃላፊያችሁ ከረባት አስሮ አለ፣ "እንኳን ደህና መጡ" ይላል። "ማመልከቻ" የሚለውን ስነካው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሦስት ጊዜ ተሳስተዋል። ለሃያ አራት ሰዓት ታግደዋል።"

ገና አንድ ፊደል እንኳ አልጻፍኩም! በማግስቱ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ዘጠኝ ቀን ሞክሬ ዘጠኝ ቀን ታገድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ፖሊስ እንኳ አግዶኝ አያውቅም። ያንቺ ኮምፒውተር ምን ቤት ሆኖ ነው የሚያግደኝ? ንገሪው፣ ወይም አስነግሪው።

እናትሽን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ልብስ ሰፊው አጎትሽ


ጥቅምት 29 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዕድሜና ጤና ከደጅዎ አይጥፋ። እናቴ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ሁለቴም የኃላፊያችን ከረባት ላይ ስንደርስ ሳቀች።

ስለ እገዳው በጣም አዝናለሁ። ግን ጋሼ፣ ሳይቆጡ ይስሙኝ፣ የእርስዎንና የስልክዎን ነገር አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ለእናቴ የላኩላት አጭር መልእክት ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አልተፈታም። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ገጹን ስሞክረው ይሠራል። አጠገቤ ጠረጴዛ ላይ ያለችውም ሞከረች፣ ይሠራል።

ደግሞ ዘንድሮ እንዲህ ዓይነት ወሬ ስለ እኛ ባይወራ ደስ ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ አለው። የድሮው አድራሻ አጭር ነው፤ ቁጥሩ በዓለም ላይ አልቋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ረጅሙ አድራሻ እየተዛወረ ነው፤ ስድስተኛው ስሪት ይሉታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ምን ያህል እንደተዘጋጁ የሚጠይቅ ስልሳ ሁለት ጥያቄ ያለው ቅጽ ተልኮልናል። እኛ ከነሐሴ ጀምሮ በአዲሱ አድራሻ በራችንን ከፍተናል፤ ከሁሉም ቀድመን! ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈታሾች መጡ፣ የፊት ገጹን ከፈቱ፣ ተከፈተ፣ አረንጓዴ ምልክት ሰጡን። ኃላፊው ለምልክቷ ክፈፍ አሠርተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋታል።

ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ። በመሥሪያ ቤቱ ያለሁት የኔትወርክ ባለሙያ እኔ ብቻ ስለሆንኩ የምፈርመውም እኔው ነኝ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እናስረክባለን፤ ከዚያ ሽልማት አለ ይባላል። እስካሁን ሃምሳ ዘጠኙ ላይ "አዎ" ብያለሁ።

እርስዎ እባክዎ በሌላ ሰው ስልክ ያስሞክሩልኝ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ይጻፉልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ የጠረጠርኩት ጣትዎን ነው።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 16 ቀን

ለባለ አረንጓዴ ምልክቷ፤

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ይድረስሽ፤ እናትሽንም ፈጣሪ ያቆይልኝ። አሁን ወደ ጣቴ ጉዳይ።

ጣቴ ነጻ ወጥቷል። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ላይ እንዲህ ብዬ መዝግቤልሻለሁ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ፣ ኅዳር 3፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በራሱ ስልክ፤ ታግዷል። ልብስ አጣቢዋ፣ ኅዳር 4፣ በምሳ ሰዓት፣ ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የልጇን ወረቀት ፈልጋ፤ ታግዳለች። ሆስፒታል የምታጸዳዋ፣ ኅዳር 5፤ ታግዳለች። ሁሉም ያገራችን ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ከእናንተ ወረቀት ይፈልጋሉ፣ ሁሉም "ሦስት ጊዜ ተሳስተዋል" ተብለዋል። ከመካከላችን የእውነት የተሳሳተው አንድ ሰው ብቻ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሩ አንድ ቀን ጠዋት ዕድል ቀንቶት ተከፈተለት፤ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ አሳስቶ ታገደ። እሱስ ይሁን፤ የእጁን ነው ያገኘው። እኛ ምን አድርገን ነው?

ፀጉር አስተካካዩ ነገር ያውቃል። እዚህ ስልኩ ሁሉ በዚያ በረጅሙ አድራሻ ነው የሚሠራው ይለኛል። እናንተ "ይሠራል" የምትሉት ከየት ሆናችሁ ሞክራችሁት ነው? ከዚያው ከወንበራችሁ! በድሮው አድራሻ! እኔ ለደንበኛ ሱሪ ሰፍቼ፣ ራሴ ለብሼ መስታወት ፊት ቆሜ "ልክህ ነው" ብለው ምን ይለኛል? ሱሪውን ለባለቤቱ አልብሺው እንጂ!

ተናድጃለሁ። ባንቺ አይደለም፤ ትንሽ ግን ባንቺም ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 4 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ። ጣትዎን ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ከቢሮ ወጥቼ ማዶ ካለው የስልክ መሸጫ ሱቅ በአዲሱ አድራሻ የሚሠራ ስልክ ተዋስኩ። ባለሱቁ ፊት ቆሜ የራሴን መሥሪያ ቤት ገጽ ከፈትኩ። ታገድኩ። ባለሱቁ "እኛም ብንል ብንል እምቢ ብሎን ትተነዋል" አለኝ። ለካ እዚህም አገር ያለው ሰው ዝም ብሎ ትቶን ነው! እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ጥፋቱን በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ሰው የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ሲያሳስት የሚያግድ ፕሮግራም አለን። የሚያግደውን አድራሻ ሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል። የሠንጠረዡ ሳጥን የሚይዘው አሥራ አምስት ፊደል ነው። የድሮው አድራሻ ቢረዝም ቢረዝም ከአሥራ አምስት አያልፍም። አዲሱ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ይደርሳል። ሳጥኑ አሥራ አምስቱን ይይዝና የቀረውን ቆርጦ ይጥላል። የአንድ አካባቢ ሰዎች አድራሻ ደግሞ መጀመሪያው አንድ ነው፤ የሚለያየው መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ማሽናችን እርስዎን፣ ፀጉር አስተካካዩንና ልብስ አጣቢዋን የሚያያችሁ እንደ አንድ ሰው ነው። ሾፌሩ ሲሳሳት ከተማችሁ በሙሉ ይታገዳል። እሱ ሲፈታ ሌላው ይሳሳታል፣ እንደገና ሁላችሁም ትታገዳላችሁ።

ያንን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ ጋሼ። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት። "አሥራ አምስት ይበቃል" ያልኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ፕሮግራሙ ጥሩ ነው ተብሎ አሥራ አንድ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ለምነው ወሰዱት፤ ያኔ የሚችለኝ አልነበረም። ዘንድሮ አሥራ አንዱም "ዝግጁ ነን" ብለው ሊፈርሙ ነው።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። "ሁለት ቀን አገልግሎት አቁመን ሠንጠረዦቹን እናስፋ፤ በጽሑፍ ይፍቀዱልኝ" አልኳቸው።

"ሁለት ቀን ይቁም ብዬ ከፈረምኩ ዝግጁ አልነበርንም ማለት አይሆንም?" አሉኝ።

"ይሆናል።"

"ታዲያ መጀመሪያ ቅጹን ፈርሚ። ከሽልማቱ በኋላ እንደፈለግሽ ታስፊዋለሽ።"

"ከተሸለምን በኋላማ ምን ጎድሎ ነው የምታስፊው ይሉኛል።"

ከዚያ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ "ውጭ ያሉት ዘመድሽ የልደት ወረቀት ቸግሯቸዋል አሉ፤ እናትሽ ለጸሐፊዬ ነግራታለች። አንቺ ቅጹን ፈርሚ፤ በማግስቱ በእጅ አስጨርሼ በመልእክተኛ እልክላቸዋለሁ" አሉኝ።

እናቴን ምን እንዳልኳት አይጠይቁኝ።

ይህን የጻፍኩልዎት ከእርስዎ ተደብቆ የሚወሰን ነገር ስላልሆነ ነው። የፈቃድ ጥያቄዬን ነገ በጽሑፍ አስገባለሁ፤ ኃላፊው ባይወዱትም ያነቡታል። ቅጹን ግን ምን ላድርገው? እርስዎ ምን ይሉኛል?

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ሽቦ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ፈርሚ። የካቲት ሩቅ አይደለም። ፈቃዴ ካለቀ ሱቄን ይዘጉታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ሱቅ ነው። እዚህ አገር አንዴ ወረቀትሽ ካለቀ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። በዚህ ዕድሜዬ የት ልሄድ ነው? ሳጥኑን በኋላ ታስፊዋለሽ፤ ሰውዬው ብሎሻል አይደል? ከዚህ በፊት ምንም ጠይቄሽ አላውቅም። ለእኔ ብለሽ።

አጎትሽ


ጥር 17 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለእናትሽም፣ ለቤቱም። መልስሽን ስጠብቅ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። ፖስታ ቤቱ ነው እንዳልል የሌላው ሰው ደብዳቤ ይመጣል።

የሆነውን ልንገርሽ። ፀጉሬን ልስተካከል ሄጄ፣ ግማሹን እንደቆረጠ ምሥጢር ነው ብዬ የኃላፊሽን ነገር አወራሁለት። መቀሱን አቆመ።

"ያንተ በእጅ ይመጣል ማለት ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"የእኔስ?"

ፎጣውን አንገቴ ላይ አስተካከልኩ።

"የልብስ አጣቢዋስ? ልጇ ከትምህርት ቤት ከቀረ ስንት ጊዜው ነው?"

መቀሱን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠና ፎጣውን ከአንገቴ ላይ ገፈፈው። "ሌላውን ግማሽ ተራህ ሲደርስ እጨርስልሃለሁ" አለኝ። ሱቁ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው እንኳ አልነበረም! ግማሽ ፀጉሬን ይዤ መንገድ ተሻገርኩ። አንቺ ሳቂ፤ እኔ ግን እንባዬ መጥቷል። እውነቱን ነዋ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ብቻዬን ሾልኬ ላመልጥ ነበር።

ያልኩትን አንስቻለሁ። እንዳትፈርሚ! ፈርመሽ ከሆነም ሄደሽ ሰርዢው። ሰውዬው ወረቀቴን በእጅ ቢልክልኝ በመጣበት እጅ እመልስለታለሁ።

እሁድ ከሰዓት ሁላችንም ሱቄ ተሰበሰብን። አሥራ ዘጠኝ ነን። መቀመጫ ጠፍቶ ግማሹ ያልተሰፋ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። እያንዳንዳችን በየስማችን አቤቱታ ጻፍን፤ በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ስልክ እንደታገድን። ሾፌሩ "ሦስት ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ብሎ ጻፈ፤ ይቅርብህ ብንለው እምቢ አለ። ሁሉንም በሪኮማንዴ ልከናል፤ ደረሰኙ እጃችን ላይ ነው። በድረ ገጽ አናስገባም ካላችሁ በፖስታ እንገባለን። ማንም ሳያነበን ሊቀር ነው ብሎ ያሰበ ካለ ተሳስቷል።

አንቺን ግን የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። ደህና መሆንሽን ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


የካቲት 1 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

ክፉ አይንካዎ፤ እኔም እናቴም ደህና ነን። ዝም ያልኩት ተቀይሜ ነው። አሁን አልፎልኛል።

"ፈርሚ" ያሉኝ ደብዳቤ የደረሰችኝ ከፈረምኩ በኋላ ነው። አዎ፣ ፈርሜያለሁ። የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ "መሥሪያ ቤታችሁ ወደ አዲሱ ፕሮቶኮል ለመዛወር ዝግጁ ነው ወይ?" ይላል። ፕሮቶኮል የሚሉት ያንን ረጅሙን አድራሻ ነው። "አይደለም" ብዬ ነው የፈረምኩት። የፊተኞቹንም አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ከሃምሳ ዘጠኙ "አዎ" ሃያ ስምንቱን ሰረዝኩ። ሳልሞክር የመለስኳቸው ነበሩ። ከዚያ የእርስዎ "ፈርሚ" መጣችና ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን እንደምመልስልዎት ጨነቀኝ።

ኃላፊው ቅጹን አልላኩትም፤ መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። ለዋናው መሥሪያ ቤት "እየተጣራ ነው" ብለው ጊዜ አስጨምረዋል። እኔን ደግሞ ወደ ንብረት ክፍል አዛውረውኛል፤ ከሰኞ ጀምሮ ወንበርና ጠረጴዛ እቆጥራለሁ። በእኔ ቦታ የሚመጣው ሰው የመጀመሪያ ሥራው አዲስ ቅጽ መፈረም ነው። የፈቃድ ጥያቄዬ መልስ አላገኘም።

ረቡዕ ዕለት የእናንተ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ አንድ ላይ ገባ። መዝገብ ቤት ያለችውን ሴትዮ እትዬ ማኅተም ነው የምንላት፤ ሠላሳ ዓመት ማኅተሙን ይዛለች። ኃላፊው እዚያ ድረስ ወርደው፣ "እነዚህን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊያቸው" አሏት።

"ጎን የሚባል መደርደሪያ የለኝም" አለቻቸው። "ያለኝ ገቢና ወጪ ነው።"

እያዩዋት አሥራ ዘጠኙንም ቁጥር ሰጠች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ! ድምፁ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። የእርስዎ ተራ ሰባተኛ ነው።

ቁጥር የወጣለት አቤቱታ በአሥር ቀን ውስጥ ጉዳዩን በሚያውቀው ባለሙያ ፊርማ መልስ ማግኘት አለበት፤ የኃላፊ ፊርማ አያስፈልገውም። የቆየ ደንባችን ነው፤ ማንም ሰው ለምን እንደወጣ አያስታውሰውም። ባለሙያው እስከ ዓርብ ድረስ እኔ ነኝ።

ትናንት ኃላፊው ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። "የዘመድሽ ወረቀት ተሠርቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የቀረው ፊርማ ነው" አሉኝ። የእሳቸው ወረቀቱ ላይ፣ የእኔ ደግሞ "አዎ" በሚል አዲስ ቅጽ ላይ ማለታቸው ነው። የእርስዎ ደብዳቤ በዚያው ቀን ጠዋት ባይደርሰኝ ኖሮ ምን እንደምል እንጃ፤ እውነቴን ነው። ደርሶኝ ነበርና፣ "ከሌሎቹ ጋር ያስቀምጡት፤ ስድስት ሰው ይቀድመዋል" አልኳቸው። ፊታቸው ሲቀያየር አየሁ። አልፌያቸው ሄድኩ።

እፈራለሁ ጋሼ። ስለ ሱቅዎ ከራሴ ይልቅ እፈራለሁ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ሕንፃ ቀና ብዬ እገባበታለሁ። ፀጉርዎን ያስጨርሱ። ይህ የዘመድ ደብዳቤ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ለብቻው ይደርስዎታል።

የእህትዎ ልጅ


ቁጥር፦ 4/1187
ቀን፦ የካቲት 3

ለአመልካች
(የገቢ መዝገብ ተራ ቁጥር 7)
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለአቤቱታዎ መልስ ስለመስጠት

በጥር ወር በጻፉት አቤቱታ የልደት ምስክር ወረቀት በድረ ገጻችን ለማመልከት ሞክረው በተደጋጋሚ መታገድዎን ገልጸው፣ ምክንያቱ እንዲነገርዎ ጠይቀዋል።

ጉዳዩ ተመርምሯል። እርስዎ አልተሳሳቱም። አብረዎት አቤቱታ ያቀረቡት አሥራ ስምንት አመልካቾችም አልተሳሳቱም፤ ተሳስቻለሁ ብለው የጻፉት አመልካችም ቢሆኑ የተሳሳቱት የራሳቸውን የይለፍ ቃል እንጂ የሌላ ሰው አይደለም። ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ በሩን ከፍቻለሁ ቢልም አዲሱን አድራሻ ሙሉውን መዝግቦ መያዝ አይችልም፤ በዚህም ምክንያት አንድ ሰው ሲሳሳት ብዙ ሰው ያግዳል። የፊት ገጹ መከፈቱ ይህንን አይለውጠውም። ስለሆነም መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲሱ ፕሮቶኮል ለመዛወር ዝግጁ አይደለም።

ጉድለቱን ለማረም የሁለት ቀን ሥራ ያስፈልጋል። ለዚሁ ፈቃድ ታኅሣሥ 5 ቀን በጽሑፍ ተጠይቋል። ይህ ደብዳቤ እስከወጣበት ሰዓት ድረስ አልተሰጠም።

ምስክር ወረቀቱን በጊዜው ሊያገኙ ያልቻሉት በራስዎ ቸልተኝነት ሳይሆን በዚህ መሥሪያ ቤት ጉድለት መሆኑን፣ ለሚመለከተው ሁሉ ማስረጃ እንዲሆንዎ በዚህ ደብዳቤ እናረጋግጣለን። ተመሳሳይ ማረጋገጫ ለአሥራ ስምንቱም አመልካቾች ተሰጥቷል።

ጉድለት ያለበትን ሠንጠረዥ የሠራችው ከዚህ በታች የፈረመችው ባለሙያ ናት።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማና ማኅተም አለው)
የኔትወርክ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለኃላፊው ቢሮ
ለመዝገብ ቤት
የዝግጁነት ቅጽ ለሚሰበስበው ዋናው መሥሪያ ቤት
ሠንጠረዡን ከእኛ ለወሰዱት አሥራ አንድ መሥሪያ ቤቶች፣ ለእያንዳንዳቸው